ፕሮሰስ፣ ትሬድ ወይስ የኹነት ዙር? በሊኑክስ ላይ ሥራን ከፋፍሎ ለማሠራት የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሥራ እንዲያከናውን ሲፈለግ፣ ማለትም አንድ ሰርቨር ለብዙ ተጠቃሚዎች በእኩል ጊዜ መልስ እንዲሰጥ ወይም አንድ ረጅም ስሌት በማሽኑ ኮሮች (ራሳቸውን ችለው በሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ሁሉ ተከፋፍሎ እንዲሠራ ሲታሰብ፣ ሥርዓተ ክወናው ለፕሮግራሙ ጸሐፊ ሦስት ዋና ዋና መንገዶችን ያቀርብለታል። ሥራውን ለተለያዩ ፕሮሰሶች ማከፋፈል ይቻላል፤ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብዙ ትሬዶችን ማሠራት ይቻላል፤ ወይም ደግሞ አንድ ትሬድ ብቻ ይዞ የሚመጡትን ኹነቶች በየተራ የሚያስተናግድ፣ ባለሙያዎች ኢቨንት ሉፕ የሚሉትን የኹነት ዙር መጻፍ ይቻላል። ይህ መመሪያ ሦስቱን በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ላይ ያነጻጽራል። ሊኑክስን የመረጥሁት የድረ ገጽና የዳታቤዝ አገልግሎቶች በብዛት የሚሠሩት በእርሱ ላይ ስለሆነና የውስጥ አሠራሩም ለማንም ክፍት ስለሆነ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ምርጫው ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ "የትኛው ይፈጥናል?" የሚለው ነው። በእኔ እምነት ይህ ሁለተኛ መሆን ያለበት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው "አንዱ ክፍል ሲወድቅ ከእርሱ ጋር ማን ይወድቃል?" የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ፍጥነትን በኋላ በተሻለ ማሽን ወይም በተሻለ ስልተ ቀመር መጨመር ሲቻል፣ የመውደቂያ ድንበር ግን ፕሮግራሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ በቀላሉ የሚሠመር አይደለም። ከዓመታት በፊት የተማሪዎችን ፎቶግራፍ እየተቀበለ የሚያሳንስ አንድ የምዝገባ ፕሮግራም በትሬዶች ጽፌ ነበር። እንዲፈጥን ብዬ የፎቶ ማሳነሻውን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ከምዝገባው ጋር በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ አደረግሁት። የተበላሸ የፎቶ ፋይል በመጣ ቁጥር ላይብረሪው ይወድቅ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ቅጽ እየሞሉ የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ የሞሉት ይጠፋባቸው ነበር። ማሳነሻው በሌላ ፕሮሰስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ንድፍ ስመለከት አስቀድሜ የምፈልገው ይህንን ድንበር ነው።

ከርነሉ የሚያየው

ፕሮሰስ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፤ የራሱ የአድራሻ ክልል (የሚጠቀምበት የሜሞሪ ክፍል)፣ የራሱ የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር፣ የራሱ መለያ ቁጥርና የራሱ የመዳረሻ መብት አለው። ትሬድ ደግሞ በዚያ ፕሮሰስ ውስጥ ትእዛዞችን ተራ በተራ እየፈጸመ የሚሄድ አንድ የሥራ መስመር ሲሆን፣ በዋናነት የራሱ የሚለው ስታኩን (ጊዜያዊ መረጃውን የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ) እና የፕሮሰሰሩን የሬጅስተሮች (የውስጥ መያዣዎች) ይዞታ ነው፤ የቀረውን ከሌሎቹ ትሬዶች ጋር ይጋራል። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ግን ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት አይመለከታቸውም። ሁለቱንም ታስክ በሚባል አንድ ዓይነት መዝገብ ይይዛቸዋል፤ ክሎን የተባለው የሥርዓት ጥሪ (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ትእዛዝ) አዲስ ታስክ ሲፈጥር፣ አዲሱ ከፈጣሪው ጋር የሚጋራው ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይነገረዋል። የአድራሻ ክልሉን፣ ፋይሎቹንና የሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር ማሳወቂያ) አያያዙን ይጋራ ከተባለ ውጤቱ ትሬድ ነው፤ እነዚህን አይጋራ ከተባለ ፕሮሰስ ነው። ስለዚህ በፕሮሰስና በትሬድ መካከል መምረጥ ማለት በመሠረቱ ምን ይጋሩ፣ ምን አይጋሩ ብሎ መወሰን ነው።

አንድ ፕሮሰስ ራሱን አባዝቶ ልጅ የሚወልድበት ፎርክ የተባለው ጥሪ በ1960ዎቹ በበርክሌይ በተሠራው የጂኒ ሥርዓት ውስጥ የነበረ ሐሳብ ነው። ኬን ቶምሰንና ባልደረቦቹ በቤል ላብስ የምርምር ተቋም ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና በፒዲፒ 7 ማሽን ላይ ሲጽፉ ፎርክን ለመጨመር የጠየቃቸው 27 መስመር የአሴምብሊ ኮድ ብቻ እንደነበረ ከባልደረቦቹ አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ ጽፎታል። የዛሬው ፎርክ ሲጠራ ከርነሉ የወላጁን ሜሞሪ በሙሉ አይገለብጥም። ሜሞሪው በአብዛኞቹ ማሽኖች 4 ኪሎባይት ስፋት ባላቸው ገጾች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ከርነሉ የገጾቹን ሰንጠረዥ ብቻ ገልብጦ ገጾቹን ለወላጅም ለልጅም ለንባብ ብቻ ያጋራል፤ ከሁለቱ አንዱ ሊጽፍበት የሞከረው ገጽ ብቻ በዚያው ቅጽበት ይገለበጣል። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ ይህንን ጠባይ ለጥቅሙ አውሎታል፤ ይዘቱን ወደ ዲስክ ማስቀመጥ ሲፈልግ ፎርክ ያደርግና፣ ልጁ ያችን ቅጽበት እንዳለች ይዞ ሲጽፍ ወላጁ አገልግሎቱን ይቀጥላል። በዚያው ጊዜ ብዙ መረጃ ከተለወጠ ግን የሚገለበጡት ገጾች ስለሚበዙ፣ የሜሞሪው ፍጆታ እስከ እጥፍ ሊጠጋ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ፕሮሰስ፦ የአጥሩ ጥቅምና ወጪ

የፕሮሰስ ትልቁ ጥቅም አጥሩ ነው። አንድ ፕሮሰስ የማይገባው አድራሻ ላይ ጽፎ ቢወድቅ፣ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ቢገባ ወይም ሜሞሪ ማስመለስ ረስቶ እያበጠ ቢሄድ፣ ጎረቤቱ ያለው ፕሮሰስ መረጃ አይበላሽም፤ ሥርዓተ ክወናውም የወደቀው ፕሮሰስ ይዞት የነበረውን ሜሞሪና የተከፈተ ፋይል ሁሉ መልሶ ይሰበስባል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ትሬድ በመሃል ቢገደል የያዘውን የሚሰበስብለት የለም፤ ፕሮሰስ ግን ከሞተ በኋላ ዕዳ ትቶ አይሄድም። ክሮም የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ በ2008 ሲወጣ አንድ ድረ ገጽ ሲወድቅ በሌሎቹ ትሮች (ታቦች) የተከፈቱት ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ያስቻለው ይህ አጥር ነበር። በ2018 መጀመሪያ ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰሮች ድክመት ይፋ ከሆነ በኋላ ደግሞ፣ በዚያው ዓመት ክሮም በዴስክቶፕ ላይ የተለያዩ ድረ ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች ማስቀመጥን የተለመደ አሠራሩ አደረገው፤ አጥሩ ከመውደቅ መጠበቂያነት አልፎ የምሥጢር መጠበቂያም ሆነ ማለት ነው።

አጥሩ የሚጠብቀው ግን በውስጡ ያለውን ብቻ እንደሆነ መገንዘብ ይገባል፤ ይህንን ከፖስትግሬስ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ የሚመድብ ዳታቤዝ ነው። ፕሮሰሶቹ የየራሳቸው የአድራሻ ክልል ቢኖራቸውም፣ ከዲስክ የተነበቡ ገጾችንና የሎኮችን (አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲነካው የሚያደርጉ መቆለፊያዎችን) ሰንጠረዦች የሚያስቀምጡበት አንድ የጋራ ሜሞሪ አላቸው። ከእነርሱ አንዱ ያለ ሥርዓት ሲወድቅ ዋናው ፕሮሰስ ሌሎቹን በሙሉ ያቋርጣቸዋል፤ የጋራውን ሜሞሪ እንደገና አዘጋጅቶ፣ ዳታቤዙን ከለውጥ መዝገቡ አስመልሶ ሥራ ያስጀምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የወደቀው ፕሮሰስ ከመውደቁ በፊት በጋራው ሜሞሪ ላይ ምን እንደጻፈ ማንም ማረጋገጥ አይችልም። እንግዲህ ፕሮሰሶችን መርጦ በመካከላቸው ሰፊ የጋራ ሜሞሪ የሚዘረጋ ሰው፣ የአጥሩን ወጪ እየከፈለ ከጥቅሙ ግን ከፊሉን ብቻ እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት። ለፖስትግሬስ ይህ ተገቢ ምርጫ ነው፤ የዳታቤዝ ሥራ ያለ ጋራ መዝገብ አይሆንምና። ለተራ የድረ ገጽ ሥራ ግን መልእክትን በፓይፕ ወይም በሶኬት (ከርነሉ በፕሮሰሶች መካከል በሚዘረጋቸው የመልእክት መስመሮች) መለዋወጥ ይሻላል።

ወጪውን በሦስት ቦታ እናገኘዋለን። አንደኛው የመውለጃ ጊዜ ነው፤ ይህን ፕሮሰሶችን አስቀድሞ ወልዶ በማቆየት ማስቀረት ስለሚቻል ብዙ አልጨነቅበትም። ሁለተኛው መረጃን የማሻገር ድካም ነው፤ በትሬዶች መካከል አንድ ጠቋሚ (መረጃው ያለበትን የሜሞሪ አድራሻ) መስጠት የሚበቃበት ነገር፣ በፕሮሰሶች መካከል መረጃውን ወደ ባይቶች ቀይሮ፣ በከርነሉ በኩል አሻግሮ፣ በዚያኛው ወገን እንደገና ማዋቀርን ይጠይቃል። ሦስተኛውና በትናንሽ ማሽኖች ላይ ከሁሉ የሚከብደው ሜሞሪ ነው። እዚህ ላይ አለካኩ ራሱ ያሳስታል። ብዙ ሰው የሚያየው፣ አር.ኤስ.ኤስ. የሚባለው ቁጥር ፕሮሰሶች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን ገጾች በእያንዳንዱ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚቆጥር፣ ከአንድ ወላጅ የተወለዱ 10 ፕሮሰሶች ከእውነተኛው ፍጆታ እጅግ የበለጠ የያዙ ያስመስላል። ትክክለኛውን ግምት የሚሰጠው የጋራ ገጾችን ለተጋሪዎቹ አካፍሎ የሚቆጥረው ፒ.ኤስ.ኤስ. ነው፤ ሊኑክስ በፕሮክ ማውጫው ሥር ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ያቀርበዋል።

ትሬድ፦ የተጋሩት ነገር ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል

ትሬዶች የሚመረጡት የሥራ መስመሮቹ አንድ ትልቅ መረጃ ላይ አብረው መሥራት ሲኖርባቸው ነው። በአንድ ሰፊ ምስል ላይ የሚሠራ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ምስሉን ለአራት ትሬዶች ቢያከፋፍል ምንም መገልበጥ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ትሬድ የድርሻውን ክፍል እዚያው ባለበት ይሠራዋል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በተለመደ አሠራሩ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ትሬድ የሚመድበው በዚሁ መንገድ ነው። በሊኑክስ ላይ ለአንድ ትሬድ ስታክ ብዙ ጊዜ የሚያዘው 8 ሜጋባይት ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ይህ ግን የተያዘ የአድራሻ ቦታ እንጂ የተበላ ሜሞሪ አይደለም፤ እውነተኛ ሜሞሪ የሚወስዱት ትሬዱ የነካቸው ገጾች ብቻ ናቸው።

አደጋውም ከዚያው ከመጋራቱ ይመነጫል። አንድ ሒሳብ 1,000 ብር አለው እንበል። አንዱ ትሬድ 300 ብር፣ ሌላው 200 ብር ሊቀንስ በእኩል ጊዜ መጡ። ሁለቱም ቀሪውን ያነባሉ፤ ሁለቱም 1,000 ያገኛሉ። የመጀመሪያው 700 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ከእርሱ ቀጥሎ 800 ብሎ ይጽፍበታል። ቀሪው 500 መሆን ሲገባው 800 ሆኖ ይቀራል፤ የ300 ብሩ ቅነሳ እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ ስህተት በፈተና ጊዜ ሺህ ጊዜ ተሞክሮ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ሥራ በበዛበት ቀን ነው። መፍትሔው ሒሳቡን በሎክ መጠበቅ ሲሆን፣ ሎኮች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር ይወለዳል፤ አንዱ ትሬድ ሎክ ሀን ይዞ ሎክ ለን ሲጠብቅ፣ ሌላው ሎክ ለን ይዞ ሎክ ሀን ቢጠብቅ ሁለቱም ተቆላልፈው ይቀራሉ። ሎኮችን ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ ቅደም ተከተል መያዝ ይህንን ያስቀራል፤ ነገር ግን ደንቡን የሚያስከብረው ከርነሉ ሳይሆን የጸሐፊዎቹ ዲሲፕሊን ነው፤ ቡድኑ ሲሰፋና ሰው ሲቀያየር ደግሞ ይህ ዲሲፕሊን ይላላል።

ትሬድንና ፎርክን ማደባለቅ በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር ነው። ብዙ ትሬዶች ያሉት ፕሮሰስ ፎርክ ሲያደርግ በልጁ ውስጥ የሚኖረው ፎርክን የጠራው ትሬድ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ትሬዶች ሎኮች ግን እንደተያዙ ከሜሞሪው ጋር አብረው ይገለበጣሉ። በዚያች ቅጽበት ሌላ ትሬድ የሜሞሪ መመደቢያውን ሎክ ይዞ ከነበረ፣ ልጁ ሜሞሪ ሲጠይቅ ማንም የማይፈታውን ሎክ ለዘለዓለም ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ከፎርክ በኋላ ወዲያውኑ ኤክሴክን ጠርቶ በአዲስ ፕሮግራም መተካት፣ አለዚያም ትሬዶቹ ከመጀመራቸው በፊት ፎርክ ማድረግ ያስፈልጋል።

በፓይተን የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማገናዘብ አለበት። በተለመደው ፓይተን በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶች ሁሉ የአስተርጓሚውን አንድ ዋና ሎክ ስለሚጋሩ፣ በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ ስሌት በአራት ትሬዶች ቢከፈልም አራት ኮሮችን አይጠቀምም፤ ትሬዶቹ የሚጠቅሙት ዲስክ ወይም ኔትወርክ በሚጠበቅበት ጊዜ ነው። በጥቅምት 2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ይህ ሎክ የሌለበትን ቅጂ በሙከራ መልክ አቅርቧል፤ በሥራ ላይ ላለ አገልግሎት ግን የሚጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች ሁሉ ለዚያ የተዘጋጁ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ መዛወር አይመከርም።

የኹነት ዙር፦ ለሚጠባበቅ ሥራ

በ1999 ዳን ኬግል አንድ ማሽን 10,000 ተገልጋዮችን በአንድ ጊዜ እንዴት ሊያስተናግድ እንደሚችል የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው የተነሳው ማሽኖቹ ደካማ ስለነበሩ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ተገልጋይ አንድ ፕሮሰስ ወይም ትሬድ መመደብ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሠራተኛ ደመወዝ እንደመክፈል ስለሆነ ነበር። የኹነት ዙር ይህንን ይገለብጠዋል። አንድ ትሬድ ሺዎችን ግንኙነቶች ይዞ ከርነሉን "ከእነዚህ ውስጥ ለንባብ ወይም ለጽሑፍ የተዘጋጀው የትኛው ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ለተዘጋጀው የሚገባውን ሠርቶ ተመልሶ ይጠይቃል። የቀድሞው ሴሌክት የተባለው ጥሪ በተለምዶ ከ1,024 ፋይሎች በላይ አይቀበልም፤ በተጠራ ቁጥርም ዝርዝሩ በሙሉ ይቃኛል። በ2002 ወደ ሊኑክስ የገባው ኢፖል ግን ዝርዝሩን በከርነሉ ውስጥ ይዞ የተዘጋጁትን ብቻ ይመልሳል። በ2004 የወጣው ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨርና በ2009 የመጣው ኖድ የተባለው የጃቫስክሪፕት ማሠሪያ የዚህ ልጆች ናቸው።

ይህ መንገድ ሁለት ግልጽ ጥቅሞች አሉት። የአንድ ግንኙነት ወጪ ወደ ጥቂት ኪሎባይት ይወርዳል፤ እንዲሁም ትሬዱ አንድ ስለሆነ ከላይ ያየነው የሒሳቡ ስህተት በአንድ ያልተቋረጠ የኮድ ክፍል ውስጥ ሊፈጠር አይችልም። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋም ከባድ ነው። አንዱ ኹነት ግማሽ ሰኮንድ የሚፈጅ ስሌት ካስከተለ፣ በዚያ ግማሽ ሰኮንድ ውስጥ ሌሎቹ ተገልጋዮች በሙሉ ይቆማሉ። ሬዲስም ትእዛዞችን በአንድ የኹነት ዙር ስለሚያስተናግድ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመረጃ መለያ ቁልፎቹን በሙሉ የሚዘረዝር ትእዛዝ በሥራ ሰዓት መስጠት የማይመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ገደብም አለ። ኢፖል የሚያገለግለው ለሶኬቶችና ለፓይፖች እንጂ በዲስክ ላይ ላሉ ተራ ፋይሎች አይደለም፤ ተራ ፋይል ወደ ኢፖል ለመመዝገብ ቢሞከር ከርነሉ ይከለክላል። ስለዚህ ኖድ ፋይል ሲያነብ ወይም የአንድን ድረ ገጽ ስም በሥርዓቱ በኩል ወደ አድራሻ ሲተረጉም፣ ከጀርባ ያሉ ትሬዶችን ይጠቀማል፤ ቁጥራቸውም ካልተቀየረ በስተቀር 4 ነው። "ኖድ ባለ አንድ ትሬድ ስለሆነ" ተብሎ የታቀደ ሥርዓት፣ አራት ዘገምተኛ የዲስክ ንባቦች በአንድ ጊዜ ሲመጡ አምስተኛው ለምን እንደቆመ ግራ ይጋባል። በ2019 በከርነል 5.1 የገባው አዮ ዩሪንግ የተባለው የከርነል አገልግሎት ፋይሎችንም ሶኬቶችንም በአንድ ወረፋ ማስተናገድ ስለሚችል ይህንን ክፍተት ይሞላል፤ ሆኖም በቀጥታ ለመጠቀም ጥሩ የሲ ወይም የረስት ቋንቋ ችሎታ ይጠይቃል።

የጎ ቋንቋ ጎሩቲኖችና በመስከረም 2023 ከወጣው ጃቫ 21 ጋር የመጡት ቨርቹዋል ትሬዶች በዚህ ላይ የተሠራ መካከለኛ መንገድ ናቸው። ጸሐፊው ኮዱን እንደ ተራ ትሬድ በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ የቋንቋው አስኪያጅ ግን ብዙ ሺዎቹን በጥቂት የከርነል ትሬዶች ላይ ያመላልሳቸዋል። አንድ ጎሩቲን የሚጀምረው በ2 ኪሎባይት ስታክ ነው። የመጻፍ ቅለቱ በእርግጥ ትልቅ ነው፤ የመጋራት አደጋው ግን አልጠፋም፤ የሒሳቡ ምሳሌ በጎሩቲኖችም ላይ እንዳለ ይሠራል።

በቁጥር ማሰብ

ምርጫው ከስሜት እንዲወጣ አንድ ስሌት መሥራት ይጠቅማል። አንድ ጥያቄ ለመመለስ 200 ሚሊሰኮንድ ይፈጃል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ ፕሮሰሰሩን የሚጠቀመው 10 ሚሊሰኮንድ ብቻ ነው፤ የቀረው 190 የዳታቤዝ መልስ የሚጠበቅበት ነው። አንድ ኮር በሰኮንድ 100 እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎችን የማስተናገድ አቅም አለው፤ ያንን አቅም ለመሙላት ግን በማንኛውም ቅጽበት 20 ጥያቄዎች በሂደት ላይ መሆን አለባቸው። ሁለት ኮር ባለው ማሽን 40 ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ማሽኑ 2,048 ሜጋባይት ሜሞሪ ቢኖረውና ለከርነሉና ለዳታቤዙ 800 ብንተው 1,248 ይቀራል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ በፒ.ኤስ.ኤስ. ልኬት 60 ሜጋባይት የሚይዝ ከሆነ የሚበቃው ለ20 ፕሮሰሶች ብቻ ነው፤ አገልግሎቱም በሰኮንድ 100 ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ የፕሮሰሰሩ ግማሽ አቅም ሜሞሪ በማጣት ብቻ ሳይሠራበት ይቀራል። 40 ትሬዶች ያሉት አንድ ፕሮሰስ ወይም በየኮሩ አንድ የኹነት ዙር ይህንን ሜሞሪ ሳይጨርስ ሙሉውን አቅም ሊጠቀም ይችላል።

እስከዚህ የሚያነብ ሰው ፕሮሰሶች ተሸነፉ ይል ይሆናል። ነገር ግን የአገልግሎቱ እውነተኛ ፍላጎት በሰኮንድ 30 ጥያቄ ከሆነ፣ 30ን በ0.2 ሰኮንድ ስናባዛ በአንድ ጊዜ በሂደት ላይ የሚሆኑት በአማካይ 6 ናቸው፤ ለድንገተኛ ጭማሪ እጥፉን ብንይዝ 12 ፕሮሰሶች ይበቃሉ፤ እነርሱም 720 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳሉ። በሰኮንድ ከ30 ያልበለጠ ጥያቄ ያለው አገልግሎት ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ለማይመጣ ጎርፍ ተብሎ የትሬዶችን አደጋ በዚያ ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም።

ተራ አስከባሪው

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ በታክሲ ተራ ላይ እንዳለው ተራ አስከባሪ፣ ማን መቼ ፕሮሰሰሩን እንደሚይዝ የሚወስነው የከርነሉ ስኬጁለር ነው። ከ2007 ጀምሮ ይህን ሥራ ሲሠራ የነበረው ሲኤፍኤስ የተባለው ሲሆን በ2023 በወጣው ከርነል 6.6 ኢኢቪዲኤፍ ተክቶታል። ሁለቱም ለታስኮቹ ጊዜን በክብደታቸው መጠን ያካፍላሉ፤ ክብደቱን የሚወስነው ናይስ የተባለው ቁጥር ከዜሮ በታች 20 ጀምሮ እስከ 19 ሲሆን፣ የአንድ እርከን ለውጥ በክብደቱ ላይ በግምት የ1.25 እጥፍ ልዩነት ያመጣል። ለመራጩ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ ስሌት ብቻ የሚሠሩ ትሬዶችን ከኮሮቹ ቁጥር በላይ ማብዛት ፍጥነት አይጨምርም፤ መቀያየሩን ብቻ ያበዛል።

ቅድሚያን ከሎክ ጋር የሚያደባልቅ ሰው የማርስ ፓዝፋይንደርን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል። መንኮራኩሯ በሐምሌ 1997 ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ ኮምፒውተሯ በተደጋጋሚ ራሱን እያጠፋ ይነሣ ነበር። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ ሥራ አንድ ሎክ ይዞ ሳለ፣ መካከለኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ፕሮሰሰሩን ይነጥቀው ነበር፤ ያንኑ ሎክ የሚጠብቀው ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው የመረጃ መተላለፊያ (ዳታ ባስ) ሥራም ጊዜው ያልፍበትና ተቆጣጣሪው ማሽኑን ያስነሣው ነበር። መሐንዲሶቹ ሎክ የያዘው ሥራ የጠባቂውን ቅድሚያ ለጊዜው እንዲወርስ የሚያደርገውን አማራጭ ከምድር ሆነው አበሩት፤ ችግሩም ቆመ። በሊኑክስ ላይም ይህ የውርስ አማራጭ አለ፤ በተለመደው ሎክ ላይ ግን በግልጽ ካልተጠየቀ አይሠራም።

ሜሞሪ ሲያልቅ የሚሆነውም የምርጫው አካል ነው። ከርነሉ ሜሞሪ ሲያጥረው የሚገድለው ፕሮሰስን ነው፤ ከትሬዶቹ አንዱን ለይቶ አይገድልም። 40 ትሬዶችን የያዘ ፕሮሰስ ቢመረጥ 40ዎቹም ጥያቄዎች አብረው ይሞታሉ።

የትኛው ለየትኛው

በስካነር የተነሡ የአማርኛ መጻሕፍትን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር የሚታቀድ ሥራ ለፕሮሰሶች እንደተፈጠረ ያህል ነው። ገጾቹ እርስ በርስ ግንኙነት የላቸውም፤ ሥራው ከባድ ስሌት ነው፤ የተበላሸ ገጽ መገኘቱም አይቀርም። የአማርኛ ሞዴል ያለው ቴሰራክት የተባለው የጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ገጽ በተለየ ፕሮሰስ ቢጠራና በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ቁጥር ከኮሮቹ ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ውጤት ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ቴሰራክት ራሱ በውስጡ ትሬዶችን ሊከፍት ስለሚችል፣ ብዙ ፕሮሰሶች በአንድነት ሲሠሩ የየአንዳንዳቸው የውስጥ ትሬድ ቁጥር በ1 ካልተገደበ ኮሮቹ በሽሚያ ይጨናነቃሉ፤ ሥራውም ይዘገያል።

ሺዎች ተገናኝተው አልፎ አልፎ ብቻ መልእክት የሚለዋወጡበት የውይይት አገልግሎት ለኹነት ዙር ወይም ለጎሩቲኖች ይሰጣል። ትልቅ የጋራ መረጃ ላይ የሚደረግ ከባድ ስሌት ለትሬዶች ይሰጣል፤ ይህም ለትሬዶቹ የሚሰጠው ክፍል የማይነካካ ሆኖ ሲከፋፈል ነው። ለተራ ድረ ገጽ ደግሞ የተመረጠው ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ) ራሱ የለመደውን መንገድ መከተል ይበቃል።

አንዱን ብቻ መምረጥም ግዴታ አይደለም። አፓቼ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ፕሪፎርክ በሚባለው ሞጁሉ በፕሮሰሶች ብቻ፣ ወርከር በሚባለው በፕሮሰሶችና በትሬዶች፣ ኢቨንት በሚባለው ደግሞ ዝም ብለው የተከፈቱ ግንኙነቶችን ለአንድ አድማጭ ትሬድ በመተው ይሠራል። ለትሬድ ያልተዘጋጁ ላይብረሪዎችን በውስጡ የሚጠራ ሰው ፕሪፎርክን መያዝ አለበት፤ ሌላው ኢቨንትን ቢመርጥ ይሻለዋል። ኤንጂንኤክስም በየኮሩ አንድ ፕሮሰስ፣ በየፕሮሰሱ አንድ የኹነት ዙር ይዞ የሁለቱን ጥቅም ያጣምራል። እኔ ለምጽፋቸው አገልግሎቶች የምጀምረው ከዚህ ቅርጽ ነው፤ ከውጭ የመጣ ፋይል የሚነካውን ክፍል ግን ሁልጊዜ በተለየ ፕሮሰስ፣ በዝቅተኛ መብትና በተወሰነ ሜሞሪ አስቀምጠዋለሁ።

ንድፉን ከማጽደቅ በፊት በሙከራ ማሽን ላይ እውነተኛውን ያህል ጭነት ሰጥቶ፣ ከሠራተኛ ፕሮሰሶቹ አንዱን በ9ኛው ሲግናል መግደል ያስፈልጋል። ይህ ሲግናል ሊያዝም ሊታገድም ስለማይችል ፕሮሰሱ ለመሰናበት ጊዜ አያገኝም። ከዚያ ሦስት ነገሮች ይመዝገቡ፦ ስንት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቀሩ፣ ምትኩ በስንት ጊዜ ተወለደ፣ በፕሮሰሶች ዝርዝር ላይ ወላጁ ያልተቀበለው ዞምቢ (ሞቶ ከዝርዝሩ ያልወጣ ፕሮሰስ) ቀረ ወይስ አልቀረም። ዞምቢ ከቀረ ወላጁ የልጆቹን መሞት የሚቀበልበት የዌት ጥሪ የጎደለው ነው፤ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየተጠራቀሙ የመለያ ቁጥሮቹን ወሰን እስኪሞሉ ሳይጠበቅ ያኔውኑ ሊታረም ይገባል።